አሥራ አራቱ ነጭ ቀሚሶች በመቅሊት ገመድ ላይ

የሺሀረግ ልብስ ስታሰጣ ያየ ሰው ደስ የሚል ነገር አየሁ ብሎ አያልፍም። የተጣላች ነው የምትመስለው። እርጥቡን ልብስ ሁለት ጊዜ በኃይል ታራግፋለች፣ ጠርዙን ይዛ ትጎትታለች፣ መቆንጠጫውን ከከንፈሯ መሀል አውጥታ ትሰካለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አትዘምርም፤ ሰማይ ሰማይም አታይም። ፍሮግታውን በሚባለው የከተማ ሰፈር ባለው ቤቷ ጓሮ የቆሙትን ሁለት የብረት ምሰሶዎች የተከሏቸው ከእሷ በፊት እዚያ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እሷ ገመዱን ቀየረች እንጂ ሌላ የጨመረችው ነገር የለም። ገመድ ገመድ ነው፤ ልብስ ይደርቅበታል። ከዚህ ያለፈ ምስጢር አለው የሚላት ሰው ቢመጣ፣ ልብስ አጥቦ የማያውቅ ሰው ነው ብላ ትደመድማለች። አብዛኛውን ጊዜ አትሳሳትም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሮቢንስዴል ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። አንሶላ፣ የበሽተኛ ጋዋን፣ ፎጣ፣ እንደገና አንሶላ። ክፍል የሚያህል ድራየር ፊት ቆማ አርጅታለች ማለት ይቻላል። በእጇ ጀርባ ጨርቅ ከነካች በማሽን የደረቀውን ከነፋስ ደረቁ ትለያለች። ከድራየሩ ወንፊት ላይ በየቀኑ ስለምትጠርገው ግራጫ ብናኝ የሚጠይቃት ሰው ሲገኝ መልሷ አንድ ነው፤ «የልብሱ ሥጋ ነዋ! እየበላው እኮ ነው።» ቤቷ ድራየር ያላስገባችው ለዚህ ነው እንጂ የድሮ ኑሮ ናፍቋት አይደለም። የድሮውን ኑሮ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና አሰላ አካባቢ ጉልበቷ እስኪላጥ ድንጋይ ላይ ልብስ አጥባለች፤ ያን ጊዜ ቆማ «እንዴት ያምራል!» ያላት አንድም ሰው አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኗን የጥምቀት ልብሶችም አሥራ ስምንት ዓመት ያጠበች እሷ ናት። አሥራ አራት ነጭ ቀሚሶች ናቸው፤ የሰፋቻቸውም ራሷ ነች። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እህት ሐይቁ ውስጥ ስትገባ ቀሚሷ ውሃው ላይ ተንሳፎ እስከ ወገቧ ወጣ። ምእመኑ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ፣ መዘምራኑ መዝሙሩን ሳቱ። በማግስቱ የሺሀረግ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዳ፣ ዓሣ አጥማጆች ክር ላይ የሚያስሯቸውን ትንንሽ የብረት ፍሬዎች በእፍኝ እያነሳች ሰበሰበች። ሻጩ ወጣት ምን ዓይነት ዓሣ ልታጠምድ እንደሆነ ሲጠይቃት «ሰው» ብላ ወጣች። ፍሬዎቹን በየቀሚሱ ቅምቅማት ውስጥ እየከተተች ሰፋቻቸው። ከዚያ ወዲህ የማንም ቀሚስ ተንሳፎ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ የቀሚስ ብቻ አልነበረም። ዘንድሮ ከአሥራ አራቱ አንዱን የሚለብሰው ካሳዬ ነው፤ ባሏ።

ካሳዬ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ አሁን የትምህርት ቤት ባስ ይነዳል። ላለፉት ሃያ ሰባት ዓመታት እሁድ እሁድ ሚስቱን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አውርዶ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማ ጠብቆ፣ መልሶ ወደ ቤት ወስዷታል። ግባ ስትለው «መኪናውን ማን ይጠብቃል?» ይላል፤ ማንም ሌባ ዞር ብሎ የማያየውን መኪና። ሃያ ሰባት ዓመት ጸለየችለት። ጾመችለት። ተቆጣችው፣ አኮረፈችው፣ ለሦስት ፓስተሮች ስሙን ሰጠች። በመጨረሻ ያስገባው የሂተር ብልሽት ሆነ። ባለፈው ፌብሩዋሪ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን በሆነበት እሁድ፣ የመኪናው ሂተር ጸጥ አለና ካሳዬ ሃያ ደቂቃ ከታገሰ በኋላ እጁን እያፋተገ ገብቶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሁድ ሂተሩ ተሠርቷል፤ እሱ ግን ገባ። የሺሀረግ አልጠየቀችውም። ከጠየቀችው የሚያመልጣት መሰላት። ኤፕሪል ላይ ራት እየበሉ፣ አንገቱን ከሳህኑ ቀና ሳያደርግ «ለፓስተሩ ስሜን ሰጥቻለሁ። ጁን ላይ ነው አሉ» አላት። እሷም «እሺ» ብላ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ሆኖም ባሏን ታውቀዋለች። ካሳዬ ሰበብ ፈላጊ ነው፤ ከሰበቦቹ ሁሉ ደግሞ ዋናው ሽታ ነው። ታክሲ በነዳበት ዘመን ሽቶ ላበዛ ተሳፋሪ በጥር ብርድ መስኮት ይከፍት ነበር። የገዛ እህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ምንጣፉ ሸተተኝ ብሎ ከአዳራሹ ደጅ ተመልሷል። የዛሬ ሁለት ዓመት ደግሞ ለዓይኗ ቀጠሮ ወደ ሮቸስተር ሲወስዳት፣ ከመንገዱ ዳር ካለ እርሻ ላይ አንድ ትራክተር ትልቅ ቦቴ እየጎተተ የአሳማ ፍግ ይረጭ ነበር። ካሳዬ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ወርዶ፣ ያለውን ሁሉ አስመለሰ። ከዚያም «በይ እንመለስ፤ ዓይንሽ ደህና ነው» አላት። እሷ ናት በግድ ያስቀጠለችው። ስለዚህ የጥምቀቱ ቀን ሲቃረብ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመኪናው እስከ ውሃው ያለችው ሃምሳ እርምጃ። እዚያች ሃምሳ እርምጃ ላይ ምንም ሰበብ እንዳይገኝ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ አንዱን ቀሚስ አራት ጣት ያህል አስረዘመችለት። ነጭ ክር አልቆባት ቅምቅማቱን በሰማያዊ ሰፋችው፤ ዓይኗ አልይዝ ስላላት ክሩን ወደ መርፌው ያስገባላት ራሱ ካሳዬ ነበር፤ «የተማሪ ዩኒፎርም አደረግሽው» እያለ ሲያሾፍባት።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው መቅሊት የመጣችው።

መቅሊት አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ የእህቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ። አሥራ አንድ ዓመት ኢገን ውስጥ ከጎረቤት ጋር በተያያዘ ታውንሃውስ ስትኖር ገመድ የሚባል ነገር ትዝ ብሏት አያውቅም። በረንዳ ላይ ፎጣ ማስጣት በሰፈሩ ማኅበር የተከለከለ ነበርና፣ እሷም ድራየሯን እያስጮኸች በሰላም ኖራለች። ከዚያ የዛሬ ሁለት ዓመት ከባሏ ጋር ወደ ደቡብ አርባ ደቂቃ ርቀው ገጠር ገቡ። ነጭ ቤት፣ ቀይ ጎተራ። ጎተራው ውስጥ እህል የለም፤ የሳር ማጨጃ መኪና ነው ያለው። ሦስት ዶሮዎች አሏት፤ ለሦስቱም ስም አውጥታለች። ቢሮዋ እስካሁን ኢገን ስለሆነ በየቀኑ ሰማንያ ደቂቃ መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ማታ ገብታ ስለ እርጋታ ቪዲዮ ትቀርጻለች። «ቀላል ኑሮ» ነው የምትለው። በአንዱ ቪዲዮ ዳቦ ስትቆርስ ትታያለች፤ በአንዱ እንቁላል ስትለቅም፤ በአብዛኛው ግን ልብስ ስታሰጣ። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ የእንጨት መቆንጠጫ በሰፌድ ይዛ፣ በዝግታ። የሺሀረግ የሰው ስልክ ላይ አንዱን አይታ ነበር። መቅሊት አንዲት የትራስ ልብስ ለመስቀል የፈጀችው ጊዜ የሺሀረግ ስድስት አንሶላ የምታሰጣበት ጊዜ ነው። «ታማለች እንዴ?» ብላ ስልኩን መለሰች።

በሜይ ወር የኮሚቴው ስብሰባ ላይ መቅሊት ፈገግ ብላ ተነሳች።

«እትዬ የሺ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ደክመዋል። ዘንድሮ እርስዎ ይረፉ። ልብሶቹን እኔ ጋ ወስጄ ላጥባቸው። ሜዳ አለ፣ ንጹሕ አየር አለ። ሰው አዲስ ሕይወት ሲጀምር የፍጥረትን ሽታ ለብሶ ቢገባ ደስ አይልም? ይኼ የሲቲ ጓሮ እኮ ጭስ ነው።»

ፓስተር ሐጌ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ብዙ ጊዜ ነገር ከማስተዋል ያዘገየዋል። «እውነት ነው፣ እትዬ ሸክም ይቅለልላቸው» አለና ነገሩ አለቀ። የሺሀረግ ሸክም ነው ብላ ለማንም ነግራ አታውቅም። ለአንድ ሳምንት ያህል በሩን፣ ድስቱንና የመኪናዋን ኮፈን በኃይል እየዘጋች ቆየች። የካሳዬን ቀሚስ ለብቻ ልታስቀር አስባ ነበር፤ ኩራቷ አልፈቀደላትም። ልብሶቹን በሁለት ከረጢት አድርጋ ስታስረክብ የተናገረችው ይኼን ብቻ ነው፤

«በትከሻቸው ስቀያቸው፣ በጠርዛቸው አይደለም። ብረቱ ወደ ታች ሲስባቸው ካውያ አያስፈልጋቸውም። ድራየር እንዳታስገቢያቸው።»

«ኖ ዎሪስ፣ እትዬዬ!» አለች መቅሊት፤ አንዱንም አልሰማችም።

ከጥምቀቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ መቅሊት የኮሚቴውን እህቶች ምሳ ጠራች። ከኮሚቴው መጥታ የተገኘችው የሺሀረግ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ሥራ ነበራቸው፣ ወይም አርባ ደቂቃ መንዳት ሰልችቷቸዋል። የሺሀረግ የሄደችው ለምሳው አይደለም፤ የባሏን ቀሚስ በዓይኗ ልታየው ነው።

አሥራ አራቱም ተሰቅለዋል። በጠርዛቸው። ትከሻቸው ወደ ታች፣ እጅጌያቸው ሣሩን ሊነካ ተንጠልጥሎ፣ ብረቱ ላይኛው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ገመዱን ጎበጥ አድርጎታል። የሺሀረግ ቀረብ ብላ የመጀመሪያውን በእጇ ጀርባ ነካች። ደርቋል። መድረቅ ብቻ አይደለም፤ ያን የድራየር ልስላሴ ይዟል፣ ማሽን ውስጥ የሚከተቱት የሽቶ ወረቀትም ይሸታል።

«መቅሊት፣ ይኼ በድራየር የደረቀ አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ ማለዳ ድራይ አደረግኳቸው!» አለች መቅሊት ያለ አንዳች ሐፍረት። «እርጥብ ከሆነ እኮ ይከብዳል፣ ንፋስ አያንቀሳቅሰውም፣ ቪዲዮ ላይ አያምርም። ሶ፣ መጀመሪያ ድራይ አድርጌ ከዚያ ሰቀልኳቸው። እስከ ነገ ጠዋት እዚሁ ይቆያሉ፤ ጤዛ ይውረድባቸው፣ የሜዳውን አየር ይጠጡ።»

የሺሀረግ ሳቋ መጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ልብሱን በማሽን አድርቆ፣ የደረቀውን ገመድ ላይ ሰቅሎ፣ ሲደርቅ መቅረጽ! እንዲህ ያለ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ስታጥብ አይታ አታውቅም። ስለ ቀላል ኑሮ ይኼን ያህል የደከመ ሰውም አይታ አታውቅም።

ገመዱን ተከትላ ሄደች። ከወዲያኛው ጫፍ ሁለተኛው ላይ የካሳዬን አገኘችው፤ ሰማያዊው ክር ከሩቅ ይለያል። ከጎኑ ጫፉ ላይ ደግሞ የፋዮ ተሰቅሏል። ፋዮ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ቤቷ ኦሮምኛ፣ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ የምታወራ፤ አምስት ወር እርጉዝ። ነፍሰ ጡር ስለሆነች የሺሀረግ ቀሚሱን ሆዱ ላይ ከግራም ከቀኝም ተርትራ አስፍታላታለች። ልብሶቹን ከማስረከቧ በፊት ልኳን ስትወስድ ፋዮ «እማማ፣ እኔ ከሁሉም ነገር የሚያስፈራኝ መሀል ላይ እንዳያቅለሸልሸኝ ነው» ብላት ነበር።

መቅሊት ስልኳን ዘርግታ መቅረጽ ጀመረች። «እንግዲህ እህቶች፣ እነዚህ ነገ የሚጠመቁ ወገኖቻችን የሚለብሷቸው ናቸው። በፊት እናቶቻችን ባላቸው አቅም፣ ፍሮግታውን ውስጥ በአንድ ጓሮ፣ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ነበር የሚያደርቋቸው፤ ጌታ ይባርካቸው። ዘንድሮ ግን...»

የሺሀረግ ስልኩ ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ። አሥራ ስምንት ዓመት። ፊቷ ጋለ።

ያን ጊዜ ነው ከአጥሩ ማዶ የሞተር ድምፅ የተሰማው። የጎረቤቱ ገበሬ ትራክተሩን እየነዳ ወደ እርሻው ገባ፤ ከኋላው ትልቅ ቦቴ ይጎትታል። የሺሀረግ ቦቴውን በአንድ እይታ ለየችው። ሮቸስተር መንገድ ላይ ያየችው ዓይነት ነው። ሽታው ገና አልደረሰም፤ ቦቴውም አልተከፈተም። ነፋሱ ግን ከእርሻው ወደ ገመዱ ነው የሚነፍሰው፤ መሐረቧ ወደየት እንደሚውለበለብ ማየት ይበቃል።

«ኦ ማይ ጉድነስ፣ ትራክተር!» አለች መቅሊት፣ ስልኳን ወደዚያ አዙራ። «ፐርፌክት! እዩት እስቲ፣ ገጠር እኮ እንዲህ ነው።»

የሺሀረግ ማለት የነበረባት አምስት ቃል ነበር። ልብሱን አስገቢ፣ ፍግ ሊደፉ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን፣ ጠላቷም ቢሆን ትናገር ነበር፤ ልብስ ሲበላሽ ዝም ብላ አታይም። ዛሬ ግን ያቺ የቆሻሻ ገንዳ ጆሮዋ ውስጥ ትጮሃለች። የፍጥረት ሽታ አልፈለገችም? ታግኘው። ይኸው ፍጥረት በቦቴ መጣላት!

የካሳዬ ነገር ግን አለ። የካሳዬ ሃምሳ እርምጃ አለች።

«መቅሊት» አለች፣ ድምፅዋ ማር ሆኖ። ራሷን ገረማት። «የካሳዬ ቀሚስ ቅምቅማቱ የተፈታ መሰለኝ። ልውሰደውና ቤት ላስተካክለው፤ ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

«ኦ፣ ይውሰዱት እትዬ፣ ችግር የለም!»

ሁለቱን መቆንጠጫዎች ነቀለች። ቀሚሱን በክንዷ ላይ ስታጥፍ የእጇ ጀርባ የፋዮን ቀሚስ ነካ። አፍታ ያህል እዚያ ቆመች። የፋዮንም ብትወስድ ሁለት ቅምቅማት ባንድ ቀን ተፈታ ማለት ነው፤ መቅሊት ትጠረጥራለች፣ ትጠይቃለች፣ ታስገባቸዋለች። እጇን ሰበሰበች። ምሳውን ራሴን አሞኛል ብላ ተወችና መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋች። ዋናው መንገድ ላይ ስትደርስ በመስተዋቱ ቦቴው ከኋላው ጥቁር ነገር እየረጨ ሲሄድ አየችው። እስከ ፍሮግታውን ድረስ በቀኙ መስመር በዝግታ እየነዳች ለብቻዋ ፈገግ ስትል ነበር። ቤት ደርሳ ቀሚሱን አጠበችው፣ በትከሻው ሰቀለችው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረቀ። ቅምቅማቱን አልነካችውም፤ የተፈታ ነገር አልነበረውም።

እሁድ ሐይቁ ዳር ቀኑ የሚያምር ነበር። ሰዉ ወንበር ዘርግቷል፣ መዘምራኑ ማይክ ይሞክራሉ፣ ለመልበሻ የተተከለች ሰማያዊ ድንኳን አለች። ካሳዬ ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ፣ ነድቶ መጥቷል። የሺሀረግ ንጹሑን ቀሚስ በማንጠልጠያ ይዛለት ወረደች።

መቅሊት በትልቅ የስንደዶ ቅርጫት ልብሶቹን ይዛ መጣች፤ እያንዳንዱን አጣጥፋ በሪባን አስራዋለች። ሌሊቱን እዚያው ሽታ ውስጥ ተኝታ አድራ አፍንጫዋ ሳይለምደው አልቀረም። ትንሽ የሸተታትን ደግሞ ላቬንደር ረጭታበታለች። የአሳማ ፍግ ላቬንደር ሲረጭበት የአሳማ ፍግነቱን አይተውም፤ ይብስበታል። ቅርጫቱ ድንኳኑ ውስጥ በገባ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው መውጣት ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ፣ ሞቶ የተረሳ እንስሳ እንዳለ፣ ሣሩን በዱላው ይፈትሽ ጀመር።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ፓስተር ሐጌ፣ አንዱን ሪባን ፈትቶ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ገበሬው... ትናንት ትራክተር ነበር...» መቅሊት ልብሶቹን እያገላበጠች ትንተባተባለች። «እኔ እኮ የሜዳ ሽታ መስሎኝ... ኦ ጌታዬ...»

«አሳማ ነው!» አለ አንዱ ከድንኳኑ ውጪ። «የአሳማ ነው እኮ! እኔ ይኼንን ለብሼ ውሃ ውስጥ አልገባም።» ማጉረምረሙ በረከተ። በራሳችን ልብስ እንግባ እንዳይሉ፣ ሁሉም ለብሶ የመጣው የሰርግ ልብሱን ነው። ሌላ ቀን ይሁን፣ ኦገስት ላይ ይሁን የሚሉ ተነሱ። አንዱ ቤተሰብ ወንበሩን ማጠፍ ጀመረ።

የሺሀረግ ይኼን ሰዓት ከትናንት ጀምሮ በዓይነ ኅሊናዋ ስታየው ነበር። የመቅሊት ፊት እንዴት እንደሚቀላ፣ ፓስተሩ እንዴት ወደ እሷ ዞሮ «እትዬ፣ ምነው እርስዎ ባጠቡት ኖሮ» እንደሚል። አሁን መቅሊት ቅርጫቱ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ የቪዲዮ ልቅሶ አይደለም፣ ንፍጥ ያለበት ልቅሶ ነው። የሺሀረግ ደስታውን ፈለገች፤ ጥቂት አገኘች። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ጀርባ ፋዮን አየቻት። በአንድ እጇ ሆዷን፣ በአንድ እጇ የዛፍ ግንድ ይዛ ጎንበስ ብላ ወደ ላይ ይላታል። ያቺ ጥቂት ደስታ ወዲያው ሄደች።

ካሳዬ ነጩን ቀሚሱን ለብሶ ከመኪናው በኩል ብቅ አለ። ቀሚሱ ልክ ነው፣ የተተኮሰ ይመስላል። ጥቂት እርምጃ እንደመጣ አፍንጫው ተነፋ፤ ቆመ። ካሳዬ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገና ቅርጫቱን አየ፣ መቅሊትን አየ፣ ፋዮን አየ። ከዚያ የገዛ እጅጌውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ።

«የእኔ ለምን አይሸትም?» አለ።

የመለሰችለት መቅሊት ናት፣ እንባዋን እየጠረገች፤ «እትዬ የሺ ትናንት ወስደውት እኮ ነው፣ ጋሼ። ቅምቅማቱ ተፈትቶ ነበር። እግዜር ነው ያወጣው፣ ልክ ትራክተሩ ሲመጣ ነው የወሰዱት።»

ካሳዬ ጎንበስ ብሎ የቀሚሱን ጠርዝ ገለበጠ። ሰማያዊው ክር ከዳር እስከ ዳር እንዳለ ነው። ራሱ መርፌው ውስጥ ያስገባው ክር። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ቦቴ ይጎትት ነበር?»

የሺሀረግ ውሸት ፈለገች፤ አልመጣላትም። «አዎ» አለች።

ሌላ አልጠየቃትም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሚናገረውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ስለ ምላሳቸው፣ ስለ ቅናታቸው፣ እርስ በርስ ስለ መበላላታቸው። ሁልጊዜ «ሁሉም አንድ አይደለም» ነበር የምትለው። አሁን እሱ የሚያያት ከዚያ «ሁሉም» እንደ አንዷ ነበር።

ካሳዬ ወደ መኪናው ተመለሰ። የሺሀረግ ሄደ አለች በሆዷ፣ አበቃ፣ ሞተሩን አሁን ያስነሳል። ካሳዬ ግን ከመኪናው ጀርባ ቀሚሱን አውልቆ፣ በካናቴራና በሱሪ ሆኖ ቀሚሱን በክንዱ ይዞ ተመለሰ። ወደ ፋዮ ሄደ።

«ልጄ፣ ይኼ አይሸትም። ረጅም ነው፤ ሰብሰብ አድርገሽ ያዢው።»

«አይ ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«የአንቺን ስጪኝ።»

ከቅርጫቱ የፋዮን ቀሚስ ራሱ መዞ አወጣ። ሲያወጣው ፊቱ አመድ ሆነ፤ መንጋጋውን ነክሶ ትንፋሹን ያዘ። በካናቴራው ላይ አጠለቀው። ሆዱ ላይ ድንኳን የሚያህል፣ ቁመቱ ጉልበቱ ላይ የሚቀር፣ እጅጌው ክርኑ ላይ የሚቆም። የሚስቅ ሰው ጠፋ። እንደዚያ ሆኖ ወደ ሐይቁ ሄደ። ሃምሳ እርምጃ ናት፤ የሺሀረግ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ሠላሳኛው ላይ ቆሞ ጎንበስ አለ፣ ትከሻው ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ቀጠለ። ፓስተር ሐጌ ጫማውን አውልቆ ከኋላው ሮጠ። ወንበር ሲያጥፍ የነበረው ቤተሰብ ወንበሩን መልሶ ዘረጋ። የአሳማ ነው ብሎ የጮኸው ሰው ጥቂት ተንጎራድዶ፣ ወደ ቅርጫቱ ሄዶ አንዱን አነሳ።

ካሳዬ ውሃው ውስጥ ሲገባ ቀሚሱ አልተንሳፈፈም፤ ብረቱ ያዘው። ገባ፣ ጠለቀ፣ ወጣ። እልልታው ተነሳ። የሺሀረግ እልል ማለት አቃታት።

ከዳር ጠበቀችው፣ ፎጣ ዘርግታ። ለሃያ ሰባት ዓመት ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ መኝታ ቤት ውስጥ፣ አንሶላ ስታጥፍ፣ ልብስ ስታሰጣ ያጠናችው። ውሃው ከግንባሩ እየወረደ መጣ። ፎጣውን ወሰደ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ ያንን ሰፊ እርጥብ ቀሚስ በራሱ ላይ ሳበና አውልቆ እጇ ላይ አኖረው። ከበደ፤ ሽታው አፍንጫዋን መታት፣ የጠርዙ ብረት ቅልጥሟን ነካት።

«ይኼን ለብቻው እጠቢው» አላት። «ለብቻ መለየት ታውቂበታለሽ።»